ውጭ የቆመው ድሪል

አባቴ ያገለገለ ድሪል ሊገዛ ሲወጣ እኔን ይዞኝ የሄደው ዕቃ መምረጥ ስለምችል ነው ብዬ ለብዙ ዓመት አምኜ ኖሬአለሁ። ያለ ምክንያት አልነበረም። ጠዋት በረንዳው ላይ ተንበርክኮ ጫማዬን እያሰረልኝ፣ «ዛሬ መራጯ አንቺ ነሽ» ብሎኛል። ገና ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ፤ አባት ያለውን ሁሉ እንዳለ የሚያምኑበት ዕድሜ። እውነቱን ለመናገር፣ ይዞኝ የወጣው የሚተወኝ ቦታ ስላጣ ነው። እናቴ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ሥራ ገብታለች። ወንድሜ ቤት ነበር፤ ግን ያን ሰሞን ወንድሜ ቤት ነበር ማለት አይቻልም።

ከሆስፒታል ከተመለሰ ወዲህ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ቀኝ እጁ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሎ ኳስ አክሏል። ለእኔ የተነገረኝ «እጁን አሞት ነው» የሚል ብቻ ነው። ከፋሻው ሥር እጁ ሙሉውን ያለ፣ ደክሞት የተኛ ይመስለኝ ነበር። ራት ላይ ከማንኪያ ድምፅ በቀር ምንም አይሰማም። እናቴ ዳቦውን ቆራርሳ ሳህኑን ክፍሉ ድረስ ትወስድለታለች፣ እንደሄደ ይመለሳል፣ ማንም ምንም አይልም። ይህ ሁሉ አላሳዘነኝም። ሕፃን ሲተኛ ቤት ውስጥ ዝም እንደሚባለው፣ እጁ እንዲተኛ ዝም ያልን መስሎኝ ነበር።

አባቴ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ከቤታችን ጀርባ፣ ድሮ ዕቃ ቤት በነበረች ክፍል ውስጥ፣ በዕረፍት ቀኑ ለጎረቤት የበር ማጠፊያና የመስኮት ብረት ይሠራል። እስከዚያ ጊዜ የሚበሳው በእጅ በሚያዝ ድሪል ነበር። አንድ ቀን ራት ላይ ድንገት፣

«ቋሚ ድሪል ልገዛ ነው» አለ።

እናቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «አሁን?»

«አሁን።»

«ለማን?»

አባቴ ወደ ወንድሜ ክፍል በር ተመለከተና፣ «ለቤቱ» አለ። እናቴ ሳህኖቹን ማነሳሳት ጀመረች። እኔ ቤቱ ድሪል ምን ያደርግለታል ብዬ ግድግዳውን ሳይ ቆየሁ።

ምን ዓይነት እንግዛ የሚለውን የሚያማክረን የነበረው የአባቴ የሥራ ባልደረባ ነው። የፓምፕ መካኒክ ነበር፤ ሰው ሁሉ «ዝምታ» ይለዋል። አፉ ከተከፈተ ስለማይዘጋ ነው እንዲህ የተባለው። በሥራ ቦታም ስሙን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው ይባላል። ያን ቀን ጠዋት የሚሠሩበትን የውኃ ክፍል አሮጌ ፒካፕ አስፈቅዶ መጣና እኔን በመሃላቸው አስቀመጡኝ። መንገዱን በሙሉ ስለ ማሽን ቺንጋና ስለ ኩሽኔታ አወራ። አባቴ አልፎ አልፎ «እ» ይላል።

መጀመሪያ የሄድነው ጡረታ የወጣ የእጅ ሥራ መምህር ቤት ነው። ሽማግሌው ድሪሉን የአልጋ ልብስ አልብሶት ነበር። ልብሱን በሁለት እጁ ቀስ ብሎ ገፈፈው፣ የተኛ ሰው እንደሚገልጥ። ከሥሩ ከእኔ የሚረዝም ግራጫ ማሽን ወጣ፤ ከታች ከባድ መቀመጫ፣ መሃል ላይ ትንሽ የብረት ጠረጴዛ፣ ከላይ ሞተሩ፣ ከጎን ወደ ታች የሚሳብ እጀታ። ዝምታ መብሻው ፑንታ የሚገባበትን ማንድሪኖ በጣቶቹ ይዞ ወዲያ ወዲህ ነቀነቀው።

«አየሽ ሚጣ፣ ማሽን እንደ ጥርስ ነው። ነቅንቀሽ ከተንቀሳቀሰ አትግዢው።»

ያኔ የፊት ጥርሴ ይነቃነቅ ነበር። ቅር አለኝና አፌን ዘጋሁ።

አባቴ ስለ ማንድሪኖው ምንም አልጠየቀም። «ማጥፊያው የት ነው?» አለ። ሽማግሌው አሳየው። አባቴ አበራው፣ አጠፋው። አበራው፣ አጠፋው። ሞተሩ እየጮኸ ሲነሣ፣ እያጉረመረመ ሲቆም፣ ከዚያ እንደገና። ዝምታ እንኳ ትንሽ አፈረና፣ «በቃ እሺ፣ ይሠራል» አለ።

«የሚሠራበት ልጅህ ነው?» አለ ሽማግሌው።

«አዎ፣ ልጄ ነው።»

«ዕድለኛ ነህ። የእኔዎቹ ድምፁን እንኳ አይወዱም።»

እኔ «ይሄን እንግዛ» አልኩ፤ አባቴም ራሱን ነቀነቀ። ግን ዝምታ አንድ ብቻ አይቶ መግዛት አይሆንለትም። ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ግቢ ሌላ እንዳለ ሰምቷል፣ መንገዳችን ላይ ነው፣ እሱን እግረ መንገዳችንን አይተን እንመለሳለን አለ። ሽማግሌው «እጠብቃችኋለሁ» ብሎ ማሽኑን መልሶ አለበሰው። አልተመለስንም። ቆይቶ እኔ ሳስበው፣ ያ ሰው ያን ቀን እስከ ስንት ሰዓት በር በሩን ሲያይ እንደዋለ ግራ ይገባኛል።

ሁለተኛው ማሽን አረንጓዴ ነበር። ገና አዲስ ተቀብቶ ቀለሙ ይሸታል። እኔ በቀለሙ ምክንያት ወዲያው ሐሳቤን ቀየርኩ። ዝምታ ግን ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብሎ በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገና፣ «ይሄ ቀለም ለማሳመር አይደለም፣ ስንጥቅ ለመደበቅ ነው» አለ። ነጋዴው ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ቆሞ ነበር። አልተቆጣም።

«እሺ፣ ስንጥቅ የሌለበት ከፈለጋችሁ ደግሞ ልጠቁማችሁ። ከአደባባዩ በታች ያለውን ብረታ ብረት ቤት ታውቁታላችሁ? አንድ ውጭ አውጥተው አቁመዋል። ማሽኑ ጤነኛ ነው። የልጁ ነገር ከደረሰ ወዲህ ሠራተኞቹ አንነካም ብለው ነው እንጂ። እንደ ቁርጥራጭ ብረት ነው የሚሰጣችሁ።»

ዝምታ ዝም አለ። እንዴት ሳይገርመኝ እንደቀረ አላውቅም፤ ሕይወቴን በሙሉ ዝም ሲል አይቼው አላውቅም ነበር።

«የልጁ ነገር?» አለ አባቴ።

«አልሰማችሁም? ጓንት አድርጎ ሲበሳ ፑንታው ጓንቱን ይዞ ጎተተው። ጣቶቹን አስበላ። ምን ይደረግ፣ የዛሬ ልጆች አይጠነቀቁም።»

«አዎ» አለ አባቴ። «አይጠነቀቁም።»

ድምፁ ላይ ምንም አልነበረም። ሰዓት ስንት ነው ቢባል የሚመልስበት ድምፅ ነው። እኔ «አስበላ» የሚለውን ሰምቼ ውሻ ያለበት ቤት ስለሆነ ይሆናል አልኩ። ልጁ ሲሉ ደግሞ እኔን የሚያክል ልጅ ነው የታየኝ፤ አትንኩ የተባለ ዕቃ ነክቶ የተቀጣ። ወንድሜን ከዚህ ወሬ ጋር የማገናኝበት ምንም ነገር አልነበረኝም። ወንድሜ ልጅ አልነበረም፣ ጢም ነበረው። የሚሠራበትም ቦታ በቤታችን «ሥራ ቦታ» ብቻ ነበር የሚባለው።

ብረታ ብረት ቤቱ በር ላይ ፒካፑ ቆመ። ዝምታ ሞተሩን አላጠፋም።

«ተው። ምን ያደርግልሃል?»

«ልየው ብቻ።»

«አይተህስ?»

አባቴ በሩን ከፍቶ ወረደና እኔን አቅፎ አወረደኝ።

«ልጅቷን እንኳ ለእኔ ተዋት» አለ ዝምታ።

«አይሆንም። ከእኔ ጋር ትግባ።»

ኮራሁ። ገና አልመረጥኩማ። ዝምታ መሪውን ይዞ ተቀምጦ ቀረ፤ ውሻውን ፈርቶ ነው አልኩ።

ግቢው ውስጥ የብረት መቁረጫ ይጮኻል፣ የእሳት ብናኝ መሬት ላይ ይረጫል። የተቃጠለ ብረት ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ሽታው የወንድሜ ሸሚዝ ሽታ ነበር። ከብዙ ቀን በኋላ ስላገኘሁት ደስ አለኝና ወደ ውስጥ ሳብኩት። ከዚያ መቁረጫው ቆመ። ሠራተኞቹ አንድ በአንድ ሥራቸውን አቁመው ወደ እኛ ማየት ጀመሩ። ወደ ታች እያዩ ስለነበር አዲሱን ጫማዬን ነው የሚያዩት ብዬ እግሬን ገጥሜ ቆምኩላቸው።

አንድ ወጣት በያጅ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መጥቶ ፊቴ ቁጢጥ አለ።

«ወንድምሽ እንዴት ነው?»

«እጁ ተኝቷል» አልኩት።

በያጁ ተነሣ፣ ወደ ግድግዳው ዞሮ መነጽሩን መልሶ ዓይኑ ላይ አደረገ። የሚበየድ ነገር ፊቱ አልነበረም። ወንድሜን እንዴት እንዳወቀው ለመጠየቅ አላሰብኩም። በዚያ ዕድሜ ሰው ሁሉ ያውቀናል ብዬ ነው የማስበው።

ድሪሉ ከቆርቆሮው አጥር ጥግ ቆሞ ነበር፣ ላስቲክ ጣል ተደርጎበት። ዝናብ ጠረጴዛውን ቡናማ አድርጎታል። አባቴ ላስቲኩን አነሣና ቆሞ አየው። ማንድሪኖውን አልነካም፣ እጀታውን አልሳበም። ባለቤቱ የሻይ ብርጭቆ እንደያዘ ከቢሮው ወጣ። ወፍራም፣ ፊቱ የደከመ ሰው ነበር። አባቴን ሲያይ ብርጭቆውን የሚያስቀምጥበት አጣ።

«እንዴት ነው ልጁ? መጥቼ ልጠይቀው እያልኩ…»

«ደህና ነው። ይሄ ይሸጣል አሉኝ።»

«እሱ?» አለ ሰውዬው። «ይቅርብዎ። ድሪል ከፈለጉ እኔ ሌላ ልፈልግልዎ፣ አዲስ።»

«ይሄን ነው የምፈልገው።»

«እንግዲያው ይውሰዱት። ከእርስዎ ምን እቀበላለሁ?»

«ይቀበሉኛል። በነፃ ከወሰድኩት ታርቀናል ማለት ነው።»

ሰውዬው መሬት መሬት አየ። «እኔ እኮ ጓንት አታድርግ ብዬዋለሁ። ሁሉም ይመሰክራሉ።»

ይሄኔ አባቴ እጄን ጨመቀኝ። በጣም ጨመቀኝ፣ አጥንቴ እስኪሰማኝ። ምርጫዬን እየጠየቀኝ ነው አልኩና ጮክ ብዬ፣ «ይሄ አስቀያሚ ነው፣ አንግዛው» አልኩ።

ቀስ በቀስ የአባቴ እጅ ላላ፤ ከኪሱ ብር አውጥቶ ለሰውዬው ቆጠረለት።

ወንድሜ ይህን ነገር ያጫወተኝ ሁለታችንም ልጆች ከወለድን በኋላ ነው። አባቴ ለእሱ ነግሮታል። «አንድ እጄን እሷ ይዛልኝ ነበር፤ እሷ ባትኖር እዚያ ግቢ ውስጥ የሆነ ነገር አደርግ ነበር» ብሎታል። ምን እንደሚያደርግ አልተናገረም፣ ወንድሜም አልጠየቀውም።

ማሽኑን በያጁና ጓደኞቹ ተሸክመው ፒካፑ ላይ ጫኑት። አንዱም ሳይታዘዝ ነው የመጡት። ቤት ስንደርስ አባቴና ዝምታ እየጎተቱ ወደ ጓሮ ክፍል አስገቡት። እናቴ ከሥራ መጥታ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች በር ላይ ቆመች።

«ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው።»

ገባችና ልብሷን ሳትቀይር አልጋ ላይ ተቀመጠች። እኔ አረንጓዴውን ስላልገዛን ቅር ብሏት ነው አልኩ።

በማግስቱ አባቴ ሥራ አልገባም። ካቻቢቴውን ይዞ የማብሪያ ማጥፊያውን ሳጥን ፈታ። እኔ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ዳቦ እበላለሁ። እናቴ ጓሮ ልብስ ታሰጣለች። አባቴ ሳጥኑን ከፍቶ ለረጅም ጊዜ ወደ ውስጥ ተመለከተ። ከዚያ ከኋላዬ የእግር ኮቴ ሰማሁና ዞር ስል ወንድሜ ነው። ከክፍሉ ወጥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ቀን ነው። ፀጉሩ በአንድ ጎን ተጨፍልቋል። በላዬ ተሻግሮ ገባ።

«ምን እየፈለግክ ነው?»

«ሽቦው ማጥፊያው ጋ አይደርስም» አለ አባቴ፣ ቀና ሳይል። «በጀርባ አዙረው ነው የቋጠሩት። ቁልፉ ለይስሙላ ነው።»

«አውቃለሁ። ሶኬቱን ነቅለን ነበር የምናጠፋው። ሶኬቱ ደግሞ ከግድግዳው ጋ ነው፤ እጅህ ተይዞ አትደርስበትም።»

«ይሄን ለማንም ሳትነግር?»

«ነግሬህ ነበር።»

አባቴ ካቻቢቴውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ሥራ በጀመርኩ ሰሞን» አለ ወንድሜ። «ማሽኑ አይጠፋም፣ ያስፈራኛል አልኩህ።»

«ምን አልኩህ?»

«ሥራ ሁሉ የራሱ ችግር አለው፣ ቻለው አልከኝ። በሰበብ እንዳትወጣ አልከኝ።»

«ብዬሃለሁ» አለ አባቴ። «አዎ፣ ብዬሃለሁ።»

ሁለቱም አላለቀሱም፣ አልተጨቃጨቁም። ወንድሜ ተመልሶ ወደ ክፍሉ ሄደ። እኔ ስለ ማሽኑ ነው ያወሩት ብዬ ዳቦዬን ጨረስኩ። ጓሮ ውስጥ ግን እናቴ እርጥብ አንሶላ በሁለት እጇ ይዛ ቆማ ቀርታ ነበር፣ ውኃው እግሯ ላይ እየተንጠባጠበ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴን አላናገረችውም። «እማዬ፣ ለምንድነው የማታወሪው?» ስላት «ጉሮሮዬን ይዞኛል» አለችኝ። እኔም አምኜ ሎሚ ከጎረቤት ለምኜ አመጣሁላት። ሎሚውን ቆርጣ ጠጣችው። ጉሮሮዋ ሳይሻላት ብዙ ሳምንታት አለፉ።

ዝምታ አባቴን «ክሰሰው» እያለ ይወተውተው ነበር፤ በየጊዜው ሲመጣ እሰማለሁ። አባቴ አንድ ቀን ብቻ መለሰለት፣ «ማን ያውቅ ነበር ተብሎ ሲጠየቅ እኔም ልቆም ነው» ብሎ። ዝምታ የክሱን ነገር ዳግመኛ አላነሣም። ከዚያ በኋላ የሆነውን እሱ ነው የነገረኝ፣ አርጅቶ፣ እያወራ እያወራ። አባቴ የተፈታውን ማጥፊያ ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ እኔን ሳይዝ፣ ወደዚያ ግቢ ተመልሷል። የባለቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠውና፣ «የቀሩትን ማሽኖች አሳዩኝ» አለ። ሰውዬው አሳየው። አባቴና ዝምታ ቀኑን ሙሉ እያንዳንዱን ማሽን እያበሩ እያጠፉ ዋሉ። የማይጠፋ ሲያገኙ ሽቦውን ይቆርጡታል። ባለቤቱ ቢሮው ደጃፍ ቆሞ ያያል። በያጁ መሰላል ያዘላቸው። ሰውዬው በኋላ ለወንድሜ ካሳ ላከ፤ ወንድሜ ተቀበለ፣ ያ ግን ሌላ ታሪክ ነው።

ለእኛው ድሪል አባቴ አዲስ ማጥፊያ ገጠመለት፣ የእንቁላል አስኳል የሚያክል ቀይ ቁልፍ ያለው። አንድ ሌላ ደግሞ ታች፣ በእግር ጉልበት ገፋ ሲያደርጉት የሚያጠፋ። ከሥራ ሲመለስ ልብሱን ሳይቀይር ወደ ጓሮ ይሄዳል፤ ያበራዋል፣ ያጠፋዋል፣ ያበራዋል፣ በጉልበቱ ያጠፋዋል። ሌላ ምንም አይሠራበትም። የሚጫወት ይመስለኝ ነበር። አንድ ጊዜ ቆሜ አየሁትና «እኔም ልሞክር» ስለው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ ጮኸብኝ።

ፋሻው ሲፈታ እጁን አየሁት። ሁለት ጣት ነበር የቀረው፣ አውራ ጣቱና ቀጥሎ ያለው። እናቴ ፊቴን በቀሚሷ ልትሸፍን ስትል ወንድሜ «ተያት፣ ትየው» አላት። አየሁት። የተኛ ነገር አልነበረም። ማንንም አልጠየቅኩም፤ ከዚያ በኋላ እኔም እንደነሱ ራት ላይ ዝም ማለት ጀመርኩ።

ክረምቱ አለፈ። አባቴ በድሪሉ ቀስ በቀስ ማጠፊያ መሥራት ጀመረ። ብረቱን እንዳይዞር በመያዣው በሞርሳ አጥብቆ ያስራል፣ ጓንት አያደርግም፣ የሸሚዙን እጅጌ እስከ ክርኑ ይጠቀልላል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወንድሜ ከክፍሉ ወጥቶ መጥቶ ጎኑ ቆመ። የግራ እጅጌውን በጥርሱ እየጎተተ ጠቀለለ። አባቴ አየው። ማሽኑን አጠፋ፣ ያላለቀውን ብረት በሞርሳው ላይ እንደታሰረ ተወና ወጥቶ ጓሮ ቆመ፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ።

ውስጥ ማሽኑ ተነሣ። ጠፋ። ተነሣ። ጠፋ። ከዚያ ተነሣና ቆየ፤ ብረት ሲነካ የሚያሰማው የሚያፏጭ ድምፅ መጣ።

እናቴ በውጭ በር ስትገባ አባቴን ጓሮ ቆሞ አየችው፣ የማሽኑንም ድምፅ ሰማች። ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ እንዳለ ሄዳ አጠገቡ ቆመች። እኔ ወደ ክፍሉ ልሮጥ ስል በክንዴ ያዘችኝ።

«ወዴት ነው?»

«እሱ ጋ። ብቻውን ነው እኮ።»

«ተዪው። እየሠራ ነው» አለችኝ፣ ከዚያ ወደ አባቴ ሳትዞር፣ «ሞርሳውን አጥብቀኸዋል?» አለችው።

«አጥብቄዋለሁ።»

ድምፁ ቆመ። ወንድሜ ብረቷን በግራ እጁ ይዞ ወጣ። ገና ትኩስ ስለነበረች በመዳፉ ያገላብጣታል። ለአባቴ ሰጠው። እኔ ከሩቅ አይቼዋለሁ፤ ቀዳዳው ከመሃል ወጣ ብሏል። አባቴ ብረቷን ወደ ብርሃን አነሣት፣ በቀዳዳው በአንድ ዓይኑ አየ፣ በአውራ ጣቱ ዳር ዳሩን ዳበሰው። ጎበዝ ይለዋል፣ ያቅፈዋል ብዬ ጠበቅኩ። አላደረገም።

«ጠርዙ ሹል ነው፣ ሰው ይቆርጣል» አለው። «ግባና ሞርደው።»

እንዲህ ይባላል? ብዬ አባቴን ጠላሁት። ወንድሜን ግን ከአደጋው ወዲህ በዚያ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ሥራ ሲያዘው ያ የመጀመሪያው ነበር። ሁላችንም ስናጎርሰው፣ ስናለብሰው፣ መንገድ ስንለቅለት ነው የከረምነው።

«እሺ» አለና ብረቷን ተቀብሎ ተመልሶ ገባ።